የድንጋይ ሽበት ፍቺ

«ያልተመደበ ነገር የለም። ያልተመደበ ነገር ከተገኘም ጥፋቱ የነገሩ ነው።»

ይህን ታላቅ ቃል የተናገሩት የሕያዋን ምደባ መሥሪያ ቤት አዲሱ ዳይሬክተር ናቸው። የተናገሩትም ሥራ በጀመሩበት ዕለት፣ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ እያዳመጣቸው ነው። ሠራተኛው የቆመው ወንበር ጠፍቶ አልነበረም፤ የትኛው ወንበር የየትኛው ክፍል እንደሆነ ገና ስላልተመደበ እንጂ። ሰውየው አርቀው የሚያስቡ ሰው መሆናቸው ከዚያች ቀን ጀምሮ ታወቀ። ቅርብ ያለውን ማየት የእርሳቸው የሥራ ድርሻ አልነበረም።

የፈንገስ ክፍል ኃላፊው ንግግሩን ሰምቶ ከልቡ አጨበጨበ። ረጋ ያለ፣ ደግ፣ ሲጠሩት ዘግይቶ የሚሰማ ሰው ነው። ከጎኑ ቆማ ያላጨበጨበችው የዋቅላሚ ክፍል ኃላፊዋ ደግሞ ሚስቱ ናት።

«ምነው አታጨበጭቢም?» አላት በሹክሹክታ።

«እጄ አልተመደበም» አለችው።

ዋቅላሚ ማለት ያ ኩሬ ላይ ተንሳፎ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር ነው። ፈንገስን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ዳቦ መሶብ ውስጥ ረስቶ የሰነበተ ሁሉ ያውቀዋል። የድንጋይ ሽበት የሚባለው ደግሞ፣ በአሮጌ ድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ ግራጫና ቢጫ ሆኖ የሚለጠፈው፣ መንገደኛ እድፍ ነው ብሎ የሚያልፈው፣ የእነዚህ የሁለቱ ትዳር ነው። ፈንገሱ ቤት ይሆናል፤ ድንጋዩን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ጠል ያጠራቅማል። ዋቅላሚው እቤት ቁጭ ብሎ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል። እዚያ ደረቅ ድንጋይ ላይ አንዱ ያለ ሌላው አይሰነብትም። ፈጣሪ ሁለቱን ሲያጣምር የመሥሪያ ቤቱን መዋቅር ሳያይ መቅረቱ እንግዲህ በጣም ያሳዝናል።

ባልና ሚስቱ በአገሪቱ የሚገኘውን የድንጋይ ሽበት ዓይነት ሁሉ ለይተው እንዲመድቡ አደራ ነበረባቸው። ሲሠሩ ሲሠሩ የራሳቸውም ፀጉር ወደዚያው አደላ። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበራቸው። እሱ አቀርቅሮ ሲያይ እሷ መብራቱን ታስተካክልለታለች፤ እሷ ስታይ እሱ። እሱ የቤቱን አሠራር፣ እሷ የጓዳውን ነገር ይናገራሉ፤ ከሁለቱ ቃል አንድ ስም ይወጣል። መሳቢያዎቹ እንደዚያ ነበር የሞሉት።

አንድ ያልመደቧት ብቻ ነበረች። የመስኮታቸው ደፍ ረጅም ድንጋይ ነው፤ በውጭ በኩል፣ እመሐሉ ላይ፣ አንዲት ቢጫ ሽበት በቅላለች። ሲጋቡ የአዝራር ያህል ነበረች፤ አሁን መዳፍ ታክላለች። ከሚያውቁት ዓይነት ከአንዱም ጋር አልገጥም ብላለች። ይቸኩሉባትም ነበር ማለት አይቻልም። ጠዋት መስኮቱን ሲከፍቱ መጀመሪያ እሷን «እንዴት አደርሽ» ይሏታል። ይህ በየትኛውም ደንብ ላይ አልተጻፈም።

ዳይሬክተሩ ክፍል ለክፍል ሲዞሩ እነርሱ ጋ ደረሱ። ጸሐፊያቸው ከኋላ ከኋላ ትከተላለች፤ የሚሉትን ትጽፋለች፣ የሚሉት ሲጠፋባቸው ደግሞ በጆሯቸው ትላቸዋለች።

«ይህ የድንጋይ ሽበት የሚባለው የማን ነው?» አሉ።

«የእኛ ነው» አሉ ባልና ሚስት ባንድ አፍ።

«‹የእኛ› የሚባል ክፍል በመዋቅሩ ላይ የለም።»

«ጌታዬ፣ ነገሩ ሁለት ሆኖ የሚኖር አንድ ነገር ነው» አለ ባል።

«ሁለት ከሆነ አንድ አይደለም፤ አንድ ከሆነም ሁለት አይደለም። ይሄ ሒሳብ ነው።» ወደ ጸሐፊዋ ዞር አሉ። «ሒሳብ ነው አይደል?»

«ሒሳብ ነው» አለች ጸሐፊዋ።

ወዲያው የድንጋይ ሽበት ባለቤትነት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ከተወያየባቸው ነገሮች ሁሉ ጥልቁ የመጀመሪያው ነበር፦ በዚህ ትዳር ውስጥ አባወራው ማን ነው?

«ቤት የሠራው ነዋ!» አሉ የንብረት ክፍል ኃላፊው።

«ቤት ሠርቶ በረሃብ የሚሞት አባወራ ምኑ አባወራ ነው?» አለች የሰው ኃይል ኃላፊዋ።

«ምግብ ማብሰል ቤት ከማቆም ጋር ይተካከላል?»

«ለእርስዎ ማን ያበስልልዎታል ጋሼ?»

«የኔን ቤት ምን አመጣው!»

ከዚያ በኋላ የተነገረው ስለ ድንጋይ ሽበት ስለመሆኑ የትኛውም አባል እርግጠኛ አይደለም። ሁለት አባላት ግን ስብሰባው ካለቀ በኋላ ወደየቤታቸው ሳይሆን ወደየእናታቸው ቤት ሄዱ ይባላል።

ቀጥሎ ምስክርነት ተሰማ። ባል ለብቻው ገብቶ፣ «ያለ ፈንገሱ ዋቅላሚው ድንጋይ ላይ መቆም ይችላል?» ተባለ። «አይችልም» አለ፤ እውነት ነው። ሚስት ለብቻዋ ገብታ፣ «ያለ ዋቅላሚው ፈንገሱ የሚበላው ያገኛል?» ተባለች። «አያገኝም» አለች፤ ይህም እውነት ነው። ኮሚቴው ግልጽ አሠራር የሚወድ በመሆኑ የእሱን ቃል ለእሷ፣ የእሷን ቃል ለእሱ አነበበላቸው። የራሳቸውን ቃል ማንበብ አላስፈለገም።

የዚያን ዕለት ማታ ሚስት ሁለት ሳሕን ሾርባ አቀረበች፤ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለልጃቸው።

«የእኔስ?» አለ ባል።

«እርስዎ ቤት አለዎት» አለችው።

በትዳር ዘመኑ ሁሉ ከሚስቱ አፍ እርስዎ ተብሎ አያውቅም።

«ቤቱን እኔ አልሠራሁትም? ዋሸሁ?»

«ኧረ አልዋሹም። እንግዲያው ቤቱን ይብሉት።»

ልጅቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ተመለከተች። «ቆይ፣ አባዬ፣ እማዬ፣ በምን ምክንያት ነው የምትጣሉት?»

«በእድፍ!» አለ አባት ተናዶ።

ያን ቃል ሌላ ሰው ሲለው ሁለቱም አብረው ነበር የሚቆጡት። ሚስት ሾርባዋን ሳትጨርስ ተነሣች። እሱም ጾሙን አደረ፤ ቤቱን ግን አልበላውም።

የኮሚቴው ውሳኔ በሳምንቱ ወጣ። በአገሪቱ ያለ የድንጋይ ሽበት ሁሉ ይፈታል፤ የፈንገሱ ወገን ወደ ፈንገስ ክፍል፣ የዋቅላሚው ወገን ወደ ዋቅላሚ ክፍል ይገባል። ሥራው እንዳይቀላቀል የባልና ሚስቱ ክፍል መሐል ለመሐል በችፑድ ግድግዳ ተከፈለ። ማይክሮስኮፑ ለባል፣ መብራቱ ለሚስት ደረሰ። ፍትሐዊ ክፍፍል ነበር፤ ሁለቱም እኩል ማየት አቃታቸው። ጠረጴዛውም በመጋዝ ተቆርጦ ለየራሳቸው ሁለት ሁለት እግር ስለደረሳቸው ከዚህና ከዚያ ችፑዱ ላይ አስደግፈው ይሠሩ ጀመር።

ዳይሬክተሩ ለራሳቸውም አላደሉም። ጸሐፊያቸው መጻፍና መናገር የተባሉ ሁለት ሥራዎችን ደባልቃ መያዟን ደርሰውበት፣ ከግቢው ማዶ ወዳለው የጽሕፈት ክፍል አዛወሯት። የዝውውሩን ደብዳቤ የጻፈችው ራሷ ናት። እርሳቸው ፈረሙበት። ደብዳቤው ግሩም ነበር።

የመለያየቱ ሥራ ተጀመረ። ሽበቱ ከየመሳቢያው እየወጣ ይዘፈዘፋል፣ ይፈተጋል፣ ይጣራል። ለባል የሚደርሰው መልክ የሌለው ግራጫ ዱቄት ነው፤ ለሚስት የሚደርሳት አረንጓዴ ውኃ። ከተራራ የመጣው ከሸለቆ ከመጣው፣ ከዛፍ የተነሣው ከድንጋይ ከተነሣው አይለይም። ያ ሁሉ ስም የተሰጠው ቤተሰብ፣ እዚህ ዱቄት፣ እዚያ ውኃ ሆኖ ቀረ።

«ስንት ዓይነት የድንጋይ ሽበት አለን?» ብለው ዳይሬክተሩ ጠየቁ።

«አሁን የለንም ጌታዬ» አለ ባል።

«ምንም?»

«ምንም።»

የዳይሬክተሩ ፊት በራ። «ዜሮ! የሚመደብ ነገር ካልቀረ ምደባው ተጠናቋል ማለት ነው! ሌላው አገር ገና ሲቆጥር እኛ ጨረስን!»

የምሥራቹ ለበላይ አካል ተላከ። አንዲት አረጋዊት ተቆጣጣሪ መጥተው ዜሮውን በዓይናቸው እንዲያዩና እንዲመርቁ ቀን ተቆረጠ። በዋዜማው ዳይሬክተሩ ግቢውን ሲያስጠርጉ ቀና ቢሉ የመስኮቱ ደፍ ላይ ቢጫዋን አዩ። ችፑዱ ከመስኮቱ አያልፍም፤ ድንጋዩ ግን አንድ ነውና ግማሿ በባል በኩል፣ ግማሿ በሚስት በኩል ተንሰራፍታለች።

«ዜሮዬን ልታበላሽብኝ! ነገ እንግዳዋ ሳይደርሱ እያንዳንዳችሁ የየግማሻችሁን ፍቃችሁ እንድትጠብቁኝ።»

በማግሥቱ ባል የመፋቂያ ቢላውን ይዞ በራሱ በኩል መስኮቱን ከፈተ። እጁን ሲያወጣ ከዚያኛው በኩልም ቢላ የያዘ እጅ ወጣ። ፊቷ አይታየውም፤ እጇን ግን የት ያጣዋል።

«ይጀምሩ» አለች ከማዶ።

«እርስዎ ይቅደሙ» አለ።

ሁለቱም አልጀመሩም።

«ዛሬም እንዴት አደርሽ ብያታለሁ» አለ ባል። «በእኔ በኩል ላለችው። ያንቺዋን የሚጠይቃት ይኑር አይኑር እንጃ።»

«እኔ እጠይቃታለሁ» አለች። «ግን በግማሽ ሰላምታ ደስ አይላትም መሰለኝ።»

«ያን ቀን ማታ እድፍ ያልኩት... አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም።»

«አፍህማ ድሮም አልተመደበም።»

አፍህ አለችው። ባል ቢላውን ደፉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያኛው በኩልም ብረት ድንጋይ ሲነካ ተሰማው፤ ከዚያ ቢላ ያልያዘ እጅ ቢጫዋን ሳይነካ በላይዋ ተሻግሮ መጣ።

ምረቃው በአዳራሹ ተጀመረ። ዳይሬክተሩ ወደ መናገሪያው ወጡ።

«ክብርት እንግዳችን... ክቡራን...» አሉ። አንገታቸውን ወደ ኋላ ዞር አደረጉ። ማንም የለም። «ያልተመደበ ነገር... ነገር ያልተመደበ... ይሄ ሒሳብ ነው። ሒሳብ ነው አይደል?»

ተላላኪው ጸሐፊዋን ሊጠራ እየሮጠ ወደ ጽሕፈት ክፍል ሄዶ እያለከለከ ተመለሰ። «ጌታዬ፣ ከክፍል ወደ ክፍል የምንቀሳቀሰው በጽሑፍ ትእዛዝ ነው፣ ይጻፉልኝና እመጣለሁ ብላለች።»

ዳይሬክተሩ እስክሪብቶ አወጡ። አዩት። መልሰው ከኪሳቸው ከተቱት።

«ንግግሩ ይቆየን ልጄ» አሉ አረጋዊቷ ተቆጣጣሪ ባዘነ ድምፅ። «ዜሮውን አሳየኝ።»

ወደ ችፑዱ ክፍል ተሄደ። አሮጊቷ በባል በኩል ባለው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ደፉን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይህቺስ?»

«እድፍ ናት!» አሉ ዳይሬክተሩ።

«የድንጋይ ሽበት ናት» አለ ባል።

«የማን ናት?»

«የእኛ ናት» አሉ ባልና ሚስት ባንድ አፍ፣ አንዱ ከወዲህ፣ አንዷ ከችፑዱ ማዶ።

ተቆጣጣሪዋ ወደ ዳይሬክተሩ ዞሩ። «እሺ ልጄ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

ዳይሬክተሩ አፋቸውን ከፈቱ። ጆሯቸውን ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው ጠበቁ። የሚነግራቸው ግን አልነበረም። «ይሄ እንግዲህ... ይሄ...» አሉ፤ ድምፃቸው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ብን አለ። እዚያው ቆመው ቀሩ፤ መልክ የሌላቸው፣ ግራጫ።

ባል ችፑዱን በጣቱ ቆርቆር አደረገ።

«ሰማሽ ወይ? እኚህን የት ክፍል እንመድባቸው?»

«ለብቻ ከተለየ በኋላ መመደብ አይቻልም» አለች ሚስቱ ከማዶ። «ከዱቄቱ ጋር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣቸው።»