የክለብ በረኛ ሆኛለሁ፤ ጸልዩልኝ!

ሴት ልጅ ኳስ ስትጀምር ቀድሞ የሚጎዳው ጉልበቷ አይደለም፤ የሰፈሩ ጆሮ ነው! አታምኑኝም? እሺ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ እንከራከራለን።

መጀመሪያ ግን ዜናው። ተቀመጡ። የቆማችሁም አንድ ነገር ተደገፉ... ተመረጥኩ! እኔ፣ ፌበን፣ የኮልፌዋ፣ የአሥረኛ ክፍሏ፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች የሴቶች ቡድን ላለው ትልቅ ክለብ በረኛ ሆኜ ተመረጥኩ! አሰልጣኟ ስሜን ስትጠራ «አቤት» ማለት ሲገባኝ «ማንን ነው?» ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ብቻ ነበር። ግድግዳው ደግሞ አልተመዘገበም።

ወደ ቤት እንዴት እንደተመለስኩ በደንብ አላስታውስም። ጦር ኃይሎች ስንደርስ «ወራጅ አለ» ማለት ሲገባኝ «ተመርጫለሁ!» ብዬ ጮህኩ መሰለኝ። የታክሲው ረዳት ዞሮ አየኝና፣ «እንኳን ደስ አለሽ! ትወርጃለሽ ግን?» አለኝ።

ወረድኩ። በእጄ አንድ ወረቀት ነበር፤ የወላጅ ፈቃድ። እስከ ሰኞ ተፈርሞ ካልተመለሰ በእኔ ቦታ ሁለተኛ የወጣችው ልጅ ትገባለች። ሁለተኛ የወጣችውን ልጅ አይቻታለሁ። ጥሩ ልጅ ናት፣ ረጅም ናት፣ እናቷም ሜዳው ዳር ቆማ ታጨበጭብላት ነበር።

የኔን እናት አታውቋትማ!

ቤታችን ውስጥ ከባድ ጉዳይ ሲመጣ አባዬ ያለፈበትን ካላንደር ግልብጥ ያደርግና መሃሉን አስምሮ በአንድ ወገን «ጥቅም»፣ በሌላው «ጉዳት» ብሎ ይጽፋል። ፍሪጅ ስንገዛ እንዲህ ተደርጓል። አጎቴ ሊያገባ ሲልም ተደርጓል። (የአጎቴ ጉዳቱ በልጦ ነበር። አገባ።) ማክሰኞ ዕለትም ካላንደሩ ተዘረጋ።

«በይ፣ ጥቅሙን ተናገሪ» አለኝ አባዬ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ።

«ጤና!»

«ጉልበትሽን አሳዪው» አለች እማዬ።

ሱሪዬን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። አባዬ የተላላጠ ጉልበቴን ትንሽ አየት አደረገና «ጤና»ን ሰርዞ ወደ ጉዳት አሻገረው።

«እሺ... ጓደኞች።»

«ሃያ ሁለት ልጅ ከነላቧ ውሃ ልጠጣ ብላ እዚህ ስትገባ ይታይህ» አለች እማዬ። ጉዳት።

«በራስ መተማመን!»

እማዬ ሳቀች። «እሱስ ከዚህ በላይ ከጨመረ ቤቱ አይበቃንም።»

«የሂሳብ ውጤቷም አለ» ብላ ቀጠለች፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም!»

«እማዬ፣ እኔ ልጠመጠም አይደለም እኮ፤ ልወረወር ነው።»

አባዬ እዚህ ላይ ወግ ደረሰውና ተከራከረልኝ። «የሂሳቡን ነገርስ ተይው። ውጤቷ ኳስ ከመጀመሯ በፊትም እንዲሁ ነበር። በኳስ ማሳበብ ግፍ ነው» አለ። አመሰግናለሁ አባዬ... መሰለኝ።

ከዚያ የመዘምራን ልምምድ እንደሚቀርብኝ ተነሳ። (ይህ ለመዘምራኑ ጥቅም ይሁን ጉዳት መሪያችን እስካሁን አልወሰነም።) ፀሐይ ፊቴን እንደሚያከስለው ተነሳ። ነፃ የትምህርት ዕድል ሊገኝ እንደሚችል እኔ አነሳሁ፤ «ሊገኝ ይችላል» የሚለው ቃል ግን በጥቅም ሥር በትንንሽ ፊደል ተጻፈ። ጉዳቱ ሞልቶ ወደሚቀጥለው ወር ጀርባ ተሻገረ፤ ጥቅሙ ገና ከላይ ሦስት መስመር ላይ ቆሟል።

አባዬን በዓይኔ ለመንኩት። አባዬ የጦር ኃይሎች–አስኮ ሚኒባስ ሹፌር ነው። «ልጄ፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ቤት መሪ የያዝኩት እኔ ነኝ። ግን ረዳቱ ‹ሳበው!› ካላለ መኪናው አይንቀሳቀስም።»

ረዳቱን ዞረን አየናት።

እማዬ ወረቀቱን አነሳችና፣ «ሰው ልጁን እንዳትወድቅበት ብሎ ያሳድጋል» አለች። «እኔ ግን ልውደቅ ብላ ፈቃድ የምትጠይቅ ልጅ ወለድኩ!»

ይህን ስትል አልሳቀችም። የበረኛ ሥራ ደግሞ እውነትም መውደቅ ነው። ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችና «ልጸልይበት» አለች።

የጴንጤ ቤት ልጆች ሆይ፣ ይህን ቃል ታውቁታላችሁ። «ልጸልይበት» ማለት ማልያ ለብሶ የመጣ «አይሆንም» ነው።

ግን በእውነት ጸለየችበት። ሐሙስ ከሴቶች ጸሎት ስትወጣ ታክሲ እያመለጣት በር ላይ ለእትዬ አስካለ፣ የጸሎት ቡድኑን ለሚመሩት፣ እንዲህ አለቻቸው፦ «ለፌበን ይጸልዩላት፤ የክለብ በረኛ ልትሆን ነው። እሺ ልበላት አይሆንም ልበላት ጨንቆኛል።» ብላ ሄደች።

እስኪ አሁን ቆም በሉና ዓረፍተ ነገሩን መልሳችሁ አንብቡት። እማዬ ለወራት ስለ ኳስ ስጨቀጭቃት ስለኖረች ለእሷ «ክለብ» ማለት ማልያ፣ «በረኛ» ማለት ጓንት ነው። ለእትዬ አስካለስ? ለእሳቸው ክለብ ማለት በር ተዘግቶ የሚጨፈርበት፣ በረኛ ማለት ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ሰካራም የሚያስወጣ ነው! ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል። እኛ ሰፈር ግን የሚጨመረው በርበሬ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ አስካለ ሁለት የጸሎት እህቶች አስከትለው ገቡ። የሦስቱም ከንፈር ደርቋል። የእማዬን እጅ ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«አይዞሽ እህቴ። ልጅ ናት፤ ትመለሳለች።»

«ከየት ነው የምትመለሰው?» አለች እማዬ።

«ከክለቡ ነዋ!»

«ኧረ ገና አልገባችም። የኔን ፊርማ እየጠበቀች ነው።»

«ፊርማ!» እትዬ አስካለ ወደ እህቶቹ ዞሩ። «በወላጅ ፊርማ ሆኗል ደግሞ የሚገባው! ሰዓቱስ?»

«ከትምህርት በኋላ ነው።»

«ከትምህርት በኋላም ይከፈታል?! እሺ፣ ሰው ሲመጣባት ምን ታደርጋለች?»

«ትወረወርበታለቻ» አለች እማዬ በምሬት። «እግሩ ሥር ነው የምትገባው።»

«በኢየሱስ ስም! ይቺ ቀጭን ልጅ?»

«እሱን እኮ ነው እኔም የምለው!»

አያችሁ? ሁለት ሰዎች ፍጹም ተስማሙ፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት ዓለም ነው። እኔ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። እትዬ አስካለ «ሰክሮ የመጣባትስ እንደሆነ?» ሲሉ ግን ነገሩ በራልኝ፤ ዘልዬ ወጣሁ።

«እትዬ አስካለ! በረኛ ማለት እኮ... ግብ ጠባቂ ማለት ነው!»

በትካዜ አዩኝ። «ግቢ ጠባቂ? ልጄ፣ አልሸሹም ዞር አሉ ነው እኮ እሱ። ሥራ ክቡር ነው፣ አልናቅሁም። ግን ትምህርትሽን ጨርሺ።»

«ግቢ አይደለም፣ ግብ!»

«የፈለገው ግቢ ይሁን!»

አፌን ከፍቼ ላስረዳ ስል በሩ ተንኳኳ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አሰልጣኟ ኮች ሰናይት! ወላጆቼን ላነጋግር ብላኝ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ግን የማትመጣው ሰው እሷ ነበረች። ኮች ሰናይት ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ የለበሰችው ጥቁር ቱታ፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው ፊሽካ። ከጸሎት እህቶቹ አንዷ፣ «አለቃዋ መጣች» ብላ ስታንሾካሹክ በጆሮዬ ሰማሁ።

እትዬ አስካለ ብድግ አሉ። «እህቴ፣ ልጆቹን የምታሰልፊያቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እናቴ፣ እኔ ነኝ።»

«ይቺን ልጅ ስንት ሰዓት ነው የምታቆሚያት?»

«ዘጠና ደቂቃ። መሃል ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ታርፋለች።»

«መሣሪያስ?»

«ጓንት እንሰጣታለን።»

«ጓንት ብቻ?!»

ኮች ሰናይት ግራ ተጋባች። «ታኬታም አለ...»

በዚህ ላይ አባዬ ከሥራ ገባ። ክፍሉን አየ። የሚያለቅሱ ሴቶች፣ ፊሽካ ያንጠለጠለች ሴት፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ የምትስቅ ልጅ...

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

«ፌበን የጭፈራ ቤት ዘበኛ ሆነች!» አሉት እትዬ አስካለ።

«ኧረ ኳስ ነው! የእግር ኳስ በረኛ!» አለ አባዬ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ አስካለ መጀመሪያ ፊሽካውን፣ ቀጥሎ ጉልበቴን፣ ቀጥሎ እማዬን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡና፣ «እና እኛ...» አሉ፣ «ለኳስ ነው ሁለት ቀን የጾምነው?»

እማዬ የሳቀችው ሳቅ እስከ ቀለበት መንገድ ሳይሰማ አልቀረም! እንጀራ ቀረበ፣ ሽሮ ቀረበ፣ ጾሙ በአንድ ድምፅ ተፈታ። ሳቁ ሲበርድ ግን ኮች ሰናይት ወደ እማዬ ዞረችና ወረቀቱን ጠየቀች። እማዬም መሳቋን አቆመች።

«ስትወድቅ ነው የምፈራው» አለች። «እሷ ስትወድቅ እኔ ነኝ የሚያመኝ።»

«እማማ፣» አለች ኮች ሰናይት፣ «እኛ የምናስተምራት እንዴት እንደምትወድቅ ነው። ያልተማረ ነው የሚሰበረው።»

እማዬ ወረቀቱን ከመጽሐፍ ቅዱሱ አወጣች፤ አልፈረመችም ግን። እትዬ አስካለ የመጨረሻውን ጉርሻ ዋጡና ፈረዱ፦ «ምን ያከራክራል! ውጭ እንውጣና ትፈተን!»

ከቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ ሁለት ድንጋይ ተተከለ። አባዬ ኳስ ይዞ ሊመታ ሲዘጋጅ እማዬ ገፋ አደረገችው። «አንተ ታደላላታለህ። እኔ ነኝ የምመታው። ካዳነችው እፈርማለሁ።»

አንድ ሪጎሬ! አንድ ብቻ! እማዬ ሻሿን አጠበቀች። አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ተንደረደረች... መታች!

ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ኳሱ በግራ በኩል ቀስ ብሎ እየተንከባለለ፤ የእማዬ ነጠላ ጫማ ደግሞ በቀኝ በኩል በአየር ላይ እየተሽከረከረ።

አንባቢዎቼ፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። ኳስ የማውቀው ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው። ያንን ነጠላ ጫማ ግን መሄድ ከጀመርኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ! ወደ እኔ ሲበር እኔ አላስብም፤ ሰውነቴ ነው የሚያስበው። ወደ ቀኝ ተወረወርኩ፣ በአየር ላይ ሙሉ በሙሉ ተዘረጋሁ፣ ጫማውንም በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት። ኮች ሰናይት ኋላ እንደነገረችኝ በሕይወቷ ካየቻቸው ምርጥ አያያዞች አንዱ ነበር።

ኳሱ በሁለቱ ድንጋዮች መሃል አለፈ። ሳይቸኩል።

መሬት ላይ ተኝቼ ቀረሁ። ጫማውን ደረቴ ላይ አቅፌ ያቺን ረጅሟን ልጅ አሰብኳት፤ እናቷ ስታጨበጭብላት። እንባዬ ከአቧራው ጋር ተደባለቀ።

እማዬ በአንድ እግሯ እየዘለለች መጣች። ጫማዋን ከእጄ ወሰደችና አጠለቀች። አለመሰበሬን ክንዴን ነካ ነካ አድርጋ አረጋገጠች። ከዚያ ወደ ኳሱ ዞረች፤ ወደ ኮች ሰናይት ዞረች።

«ከሁሉ በልጣ የተመረጠችው ይቺ ናት?»

«አዎ» አለች ኮች ሰናይት ሳቋን እየዋጠች።

«አገባሁባት እኮ!»

«አይተናል።»

«እኔ! ኳስ ነክቼ የማላውቀው እኔ!» እማዬ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ይቺ ልጅማ ብዙ፣ እጅግ በጣም ብዙ ልምምድ ያስፈልጋታል። እስክሪብቶ አምጡ!»

አባዬ ጀርባውን ሰጣት፤ ወረቀቱን እሱ ላይ ዘርግታ ፈረመች። «ሳበው!» አለችው። እኔ ጮህኩ፣ እትዬ አስካለ እልል አሉ፣ ኮች ሰናይት ፊሽካዋን ነፋች፤ ጎረቤት ሁሉ ምን ተፈጠረ ብሎ ወጣ።

አሁን እንግዲህ ችግሩ ሌላ ነው። እማዬ ጎል ማግባት ጣፈጣት። የፊታችን ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ እዚያው ሜዳ እናቶች ከልጆቻቸው ሊጋጠሙ ነው። ዳኛዋ እትዬ አስካለ ናቸው። እናንተንም እንድጠራ ታዝዣለሁ፤ እናቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ። እናቱ ሩቅ ያለችበት ሰው ብቻውን ይምጣ፤ ከኛ አንዷን እናውሰዋለን፣ ሲሄድ ይመልስልን እንጂ። እማዬ ደግሞ ለብቻዋ ያስያዘችኝ መልእክት አለ፤ «በይ ጻፊው» ብላ አጠገቤ ቆማለች፦

«ጎበዝ በረኛ ካለ በቶሎ ይመዝገብ። እኔን የሚችል እስካሁን አላገኘሁም።»