አልጠማኝም ያለው የሽንኩርት ማሽን

ዘመኑ 2017፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ። በገዛ ማሳዬ የመንደሩ መሳቂያ ሆንኩላችሁ!

ማሽኑን ያመጣችው ከዓረብ አገር የተመለሰችው ልጄ ዘምዘም ናት። አፈር ውስጥ የሚተከል ዘንግ ነው፣ ሴንሰር ይሉታል። እርጥበቱን ለክቶ ለስልኬ ይልካል። ስልኬ ውስጥ ያለው ኤአይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት፣ ደግሞ «ያጠጡ»፣ «አያጠጡ» እያለ ያዘኛል።

ሐይቅ ዳር ሽንኩርት ስተክል ጥርሴን የነቀልኩ ሰውዬ በስልክ ልታዘዝ?!

«አባዬ፣ የሽንኩርቱ መደብ መሀል ትከለው» ብላኝ ውጫሌ ባሏ ቤት ሄደች።

መሀል? ፍየል እንዲነቅለው? ሌባ እንዲወስደው? ሞኝሽን ፈልጊ! ማሳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር፣ ከመስገጃዬ አጠገብ ተከልኩት። ዓይኔ አይለየውም።

ብልጥ ነኝ እኮ!

የውሃ ተራ የሚያከፋፍለን አሊ ከቦዩ ማዶ ተጣራ። «አያ ሁሴን፣ ተራህ ነው!»

ስልኬን ከፈትኩ። «አፈሩ በቂ ውሃ አለው፤ አያጠጡ።»

መቼም ሳይለፉ የመጣ ዕረፍት ይጣፍጣል። «ለጎረቤቴ ለይመር ስጠው! እሱ ገና አፈር በጣቱ እየነካካ ነው የሚያጠጣ። እኔ ሰልጥኛለሁ!»

በሚቀጥለውም ተራ እንዲሁ።

ሽንኩርቱ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ተኛ። የቤቱ ዘይት፣ የቤቱ ልብስ ከሱ ነው እኮ የሚወጣው!

ዘምዘምን ጠራኋት። የማሽኑን ውሸታምነት ይመስክሩልኝ ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰብኩ። «አስተውሎት የምትሉት ይሄን ነው? አህያዬ ትሻላለች!»

ይህን እያልኩ የዙህር አዛን ተሰማ። ከሶላት በፊት የምታጠብበትን የውዱእ ውሃዬን ይዤ እንደልማዴ ዋርካው ሥር ቁጭ አልኩ። እጄን ታጠብኩ። ፊቴን። እግሬ ላይ ስደርስ ዘምዘም እጅ ላይ ያለው ስልኬ ተናገረ።

«አፈሩ በቂ ውሃ አለው፤ አያጠጡ።»

ሁሉም ወደ እግሬ አየ። ውሃው ዘንጉን እየከበበው ነው።

ይመር አላስቻለውም። «በቀን አምስት ጊዜ እያጠጣኸው ጠማኝ ይበልህ እንዴ፣ አያ ሁሴን?»

ሳቁ ውጫሌ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ዘምዘም እንኳ በሻሿ አፏን ሸፍና ነው የሳቀች። የገዛ ልጄ!

እናንተም ሳቁ። ግን በአላህ ልጠይቃችሁ፣ ከኔና ከዘንጉ አስተውሎት የጎደለው ማን ነው?

በነጋታው ሱብሂን ሰግጄ ይመር ማሳ ሄድኩ። የውሃው ተራ የሱ ነበር። «ሽንኩርቴ ሳይሞት ግማሹን ልቀቅልኝ» አልኩት።

«ስልክህ ፈቀደ?» አለኝ።

 አካፋዬን አንስቼ በውሃው ምትክ የሱን ቦይ መጥረግ ጀመርኩ።