የአባባ ደወል በሁዳዴ

(ላሊበላ ዳር ያለ ሰፈር፤ የሁዳዴ ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ። አስጎብኚው በእውቀቱና የአንደኛ ክፍል መምህርት የሆነችው ሚስቱ ሰብሌ ከሥራ ተመልሰው በራቸው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ፊት ይከራከራሉ። የበእውቀቱ አባት «አባባ» እና ሁለቱ ሕፃናት ልጆቻቸው፣ ኢያቄምና የትናየት፣ ጓሮ ናቸው፤ ጓሮው ውስጥ ከወይራ ዛፍ ላይ ጠፍጣፋ የድንጋይ ደወል ተንጠልጥሏል።)

በእውቀቱ፦ አሥራ ሁለት የሚባል የለም አልኩሽ!

ሰብሌ፦ አለ አላልኩም። አባባ ግን አሥራ ሁለት ጊዜ ነው የመቱት።

በእውቀቱ፦ ወረቀቱን አንብቢዋ! አንድ ጊዜ ከተመታ፣ ውሃ። ሁለት ጊዜ፣ አባባ ደጅ መውጣት ፈልገዋል። ሦስት፣ ልጆቹ ተጣሉ። አራት፣ ልጅ ጠፋ። አምስት፣ እሳት። አለቀ! ስድስት እንኳ የለም።

ሰብሌ፦ እኔም ክፍል ሆኜ ስሰማው ግራ ገባኝና ደመርኩት።

በእውቀቱ፦ ምኑን ደመርሽው?

ሰብሌ፦ አምስትና አራት ዘጠኝ፣ ሦስት ሲጨመር አሥራ ሁለት። ልጆቹ ተጣልተው፣ አንዱ ጠፍቶ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው አልኩ። ጠመኔዬን እንደያዝኩ በረርኩ።

በእውቀቱ፦ ወይ አንች! ደወል ይደመራል?

ሰብሌ፦ የማስተምረው መደመር ነው፣ ምን ላድርግ?

በእውቀቱ፦ ቶሎ አይገባሽም እኮ። እሺ፣ ምን ሆነው አገኘሻቸው?

ሰብሌ፦ የትናየት ውሃ ጠምቷት ነበር።

በእውቀቱ፦ ውሃማ አንድ ነው!

ሰብሌ፦ እሱን አልኳቸው። «አባባ፣ ለውሃ አንድ ጊዜ ነው» ስላቸው ተቆጡ። «ስልሳ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ደውያለሁ፤ ደወል አንድ ጊዜ ተመትቶ አይተውም፣ ነውር ነው። እኔ በሐዋርያት ቁጥር ነው የምመታው» አሉ።

በእውቀቱ፦ ይህን ለእኔ አልነገሩኝም!

ሰብሌ፦ መቼ ጠየቅሃቸው? አንተ ስታስረዳቸው ነበር።

በእውቀቱ፦ ከስልክ ይሻላል ብዬ እኮ ነው። ስልክ ስንሰጣቸው ምን ሆነ? በጠራ ቁጥር «ይግቡ!» እያሉ በር ሲከፍቱ ዋሉ።

ሰብሌ፦ እሱስ ልክ ነህ። ልጆቹም አብረው «ይግቡ!» ማለት ለመዱ።

በእውቀቱ፦ በቃ፣ አልሠራም። ስምምነታችንን ታውቂያለሽ፤ ዛሬ ሙከራ ነበር። ነገ ጠዋት አባባ ኮን ከተማ፣ እህቴ አሰለች ዘንድ ይሄዳሉ። እሷም በተራዋ ትጡራቸው።

ሰብሌ፦ (ወደ ጓሮው እያየች) ቀስ በል በሞቴ፣ ይሰማሉ! ከደብሬ አልለይም ብለው ትናንት ለምነውናል እኮ። እኔም አባት እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ አባቴ እሳቸው ናቸው። ኢያቄምስ? ያለ እሳቸው ተረት አንድ ጉርሻ አይውጥም።

በእውቀቱ፦ እኔስ አባቴን መስደድ ወድጄ ነው? ግን ቁጭ ብለሽ አስቢው። አንች ትምህርት ቤት፣ እኔ ሥራ። ርእሰ መምህሩም «አሁን ደግመሽ ከክፍል ከወጣሽ ሩቅ ገጠር ነው የምመድብሽ» ብሎሻል። ዛሬ ደግሞ ወጣሽ። አለቀልሽ!

ሰብሌ፦ ምንም አላለኝም።

በእውቀቱ፦ እንዴት?

ሰብሌ፦ ከእኔ ቀድሞ ወጥቶ ነበራ። ደወሉን ሲሰማ ቅዳሴ ወጣ ብሎ ጾም ሊፈታ ሄደ።

በእውቀቱ፦ የትኛውን ደወል?

ሰብሌ፦ የአባባን ነዋ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ። እሱ ብቻ መሰለህ? ሰፈሩ በሙሉ በልቷል። እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ሳህናቸውን ጠርገው ጣታቸውን ሲልሱ ደረስኩ። ዘነቡማ ሁለተኛ ጭልፋ ላይ ነበረች።

በእውቀቱ፦ (ሆዱን ይዞ እየሳቀ) ኧረ ጉድ! በሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት የሚበላ ምን ዓይነት ጅል ነው? ደግሞ ሁሉም ስልክ ይዟል፣ ሰዓት አያይም?

ሰብሌ፦ ዘነቡ አይታለች። «ስልኬ ተበላሽቶ ይሆናል እንጂ ደወል አይዋሽም» አለች።

በእውቀቱ፦ የሚዋሸውስ ሆዷ ነው!

ሰብሌ፦ የጠረጠሩት ጋሽ በድሩ ብቻ ናቸው። ሱቃቸው በር ላይ ቆመው «ምነው፣ ዛሬ ቶሎ ወጣላችሁ?» አሉን።

በእውቀቱ፦ ጋሽ በድሩ ሙስሊም አይደሉ እንዴ?

ሰብሌ፦ ለዚያ ነዋ! ስላልራባቸው ሰዓት አዩ።

በእውቀቱ፦ ወይ ሰፈር!

ሰብሌ፦ ሽማግሌዎችም መጥተው ነበር። ድንጋዩ እስከ ማታ ይውረድ፣ የበላ ሁሉ ደግሞ የንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ቀኖናውን ይቀበል ብለዋል።

በእውቀቱ፦ ይበላቸው! ደወል የማይለይ ሰው ስግደት ይልመድ። እኔ እኮ ሰብሌ፣ የዚህን አገር ደወል በድምፁ ነው የማውቀው። ዓይኔን ጨፍኜ የየትኛው ደብር እንደሆነ እነግርሻለሁ። ሥራዬ ነው!

ሰብሌ፦ መታደል ነው። እኔ መቼም ቶሎ አይገባኝም።

(ከሩቅ የደብሩ ደወል ይሰማል። ሰብሌ ታማትባለች።)

ሰብሌ፦ እሰይ! ቅዳሴ ወጣ። ግባ፣ ምሳ ላቅርብልህ። ዛሬ እንዴት ርቦህ ይሆን!

በእውቀቱ፦ ተይው፣ እኔ በልቻለሁ።

(ሰብሌ ልትገባ ስትል ከበሩ ትመለሳለች።)

ሰብሌ፦ መቼ?

በእውቀቱ፦ ቅድም ነዋ፣ ከእንግዶቹ ጋር።

ሰብሌ፦ ቅድም መቼ?

በእውቀቱ፦ ቅዳሴ እንደወጣ…

ሰብሌ፦ ቅዳሴ እኮ አሁን ነው የወጣው።

በእውቀቱ፦ (ግንባሩን እየጠረገ) አንች ደግሞ ከያዝሽ አትለቂም! ደወል ሰማሁ፣ በላሁ። በቃ!

ሰብሌ፦ ስንት ጊዜ ተመታ?

በእውቀቱ፦ አሥራ… አልቆጠርኩም።

ሰብሌ፦ የገዛ ቤትህን ደወል አላወቅኸውም?

በእውቀቱ፦ እንዴት ብዬ ልወቀው? የእኛ ቢሆን ከአምስት አያልፍማ! አምስትን ሲያልፍ የእኛ አይደለም አልኩ። ወረቀቱ ላይ የለም!

ሰብሌ፦ እንግዶቹንስ ምን አልካቸው?

በእውቀቱ፦ ምን እላቸዋለሁ… ባርኔጣ አስወለቅኋቸው።

ሰብሌ፦ ሌላስ?

በእውቀቱ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) «ይህ የምትሰሙት ደወል ስምንት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ነው» አልኳቸው።

ሰብሌ፦ ማክሰኞ እኮ ነው ከወንዝ ተሸክመህ ያመጣኸው!

በእውቀቱ፦ ድንጋዩ ግን ቆየት ያለ ነው።

ሰብሌ፦ ቤቱ እውነት ተቃጥሎ ቢሆንስ? እኔ ጠመኔ ይዤ ስሮጥ አንተ ባርኔጣ ታስወልቃለህ!

በእውቀቱ፦ (ደጃፉ ላይ ቁጭ ይላል) አፈርኩ ሰብሌ። እውነቴን ነው፣ አፈርኩ። ለሰፈር ሰው እንዳትነግሪብኝ።

ሰብሌ፦ አልናገርም። አባባ ግን ኮን አይሄዱም።

በእውቀቱ፦ ማን አብሯቸው ይውላል ታዲያ? ልጆቹንስ ማን ያያል?

ሰብሌ፦ አንተ።

በእውቀቱ፦ ሥራዬስ?

ሰብሌ፦ በዚህ ሳምንት ስንት ቀን እንግዳ አገኘህ?

በእውቀቱ፦ ዛሬን።

ሰብሌ፦ ሌላውን ቀን የት ዋልክ?

በእውቀቱ፦ ከአስጎብኚዎቹ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠን ስለ አገር ጉዳይ እንወያያለን። እሱም ሥራ ነው።

ሰብሌ፦ ከአባባ ጋር ተቀምጠህ ተወያይ። የአገር ጉዳይ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዳ ሲገኝ ጓደኞችህ በስልክ ይደውሉልሃል፣ ያን ቀን እማሆይን እንለምናለን። አይ ካልክ ግን አሁኑኑ እማሆይ ዘንድ ሄጄ በስድስት ሰዓት ማን ማን እንደበላ…

በእውቀቱ፦ እሺ! እሺ አልኩሽ! ለአሰለች ደውዬ ቀርቷል እላታለሁ።

(ከጓሮ የድንጋዩ ደወል ይመታል። በእውቀቱ ዘሎ ተነስቶ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል።)

በእውቀቱ፦ አንድ፣ ውሃ… ሁለት፣ ደጅ… ሦስት፣ ተጣሉ… አራት… ቆይ፣ አራት ምን ነበር?

ሰብሌ፦ አትቁጠር፣ ሂድ!

(በእውቀቱ ወደ ጓሮ ይሮጣል።)