ክቡር ኢንግቬ እና ጥፋተኞቹ መለኪያዎች

መጥፎ ዜና የሚነግረው መሣሪያ ሁሉ ተበላሽቷል ብሎ የሚያምን ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ሚዛን ላይ ወጥቶ ኪሎው ከጨመረ፣ ሚዛኑን ገልብጦ ሆዱን ሳይሆን ባትሪውን ይመረምራል። የእናንተው የት እንደሚሠራ አላውቅም። የእኛው የሚሠራው ኑክሌር ኃይል ማመንጫ ውስጥ ነው። የሥራ ድርሻው ደግሞ የጨረር መለኪያዎችን መከታተል ነው። እግዜር መቀለድ ሲያምረው እንዲህ ያደርጋል።

ክቡር ኢንግቬ ይባላሉ። ስዊድን ውስጥ ማዕረግ ከቀረ ስለቆየ ዋና ሥራ አስኪያጁንም «አንተ» ነው የምንለው። እሳቸውንም ፊት ለፊት «አንተ» እላቸዋለሁ። በሌሉበት ግን ክብራቸውን አልነፍጋቸውም፤ ለፍተው ያገኙት ነው። ከሃምሳ ዓመታቸው ወዲህ የተናገሩት ሁሉ ሲጠቃለል ሁለት ቃል ይወጣዋል፦ «መሣሪያው ነው።»

የአንድ መንደር ሰዎች ስለሆንን ሥራ የምንሄደው በእሳቸው መኪና ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ዘይት ማለቁን የምትናገር ቀይ መብራት አለች። ማለቴ፣ ነበረች። ባለፈው ዓመት በርታ አልጠፋ ስትል ክቡርነታቸው በጥቁር ናስትሮ ሸፈኗት። ሞተሩ ሲያቃስት እየሰማሁ፣ «ኢንግቬ፣ ኧረ ዘይቱን እየው!» እላቸዋለሁ።

«ዘይቱ ደህና ነው። መሣሪያው ነው» ይሉኛል፤ ሬዲዮውንም ከፍ ያደርጉታል።

በየዓመቱ ሰውነታችን ውስጥ ምን ያህል ጨረር እንዳለ የሚለካ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ባለፈው ጊዜ ክቡርነታቸው ገና ከመቀመጣቸው ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። ለጤና የሚያሰጋ ባይሆንም ከሌሎቻችን እጅግ ይበልጥ ነበር። «መሣሪያው ነው» አሉ። እኔ ተቀመጥኩ፣ ምንም የለም። እሳቸው ተመለሱበት፣ ያው ሆነ። «የሚያዳላ መሣሪያ!» ብለው ተቆጡ። ማምሻውን ነገሩን ለሚስታቸው ለጉንቮር ባጫውታት በሳቅ ፈረሰች።

«ክረምቱን ሙሉ ወንድሜ ከጫካ ያደነውን የዱር አሳማ በእንጉዳይ ሲበላ ከርሞ! ያ ጫካ እኮ የቼርኖቤል አደጋ ጨረር በዝናብ የወረደበት ነው፤ እንጉዳዩም አሳማውም እስከ ዛሬ አልጠራም። ስንቴ ነገርኩት!»

ይህንን ስነግራቸው ክቡርነታቸው ጥቂት አሰቡና፣ «ጉንቮርም እንደ መሣሪያው መጠገን አለባት» አሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው መለኪያ ጠብቅልን ብለን የሾምነው። እኔ በበኩሌ ቃላቸውን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው ማፍሰስ ለምጄ ነበር።

በበጋው ማመንጫው ለዓመታዊ ጥገና በቆመ ጊዜ፣ አንድ ሐሙስ ከውሃ ማጣሪያው ክፍል ናሙና እንዳመጣ ታዘዝኩ። ሐሙስ በስዊድን የአተር ሾርባና ፓንኬክ ቀን ነው፤ ምሳ ቤት የዘገየ ፓንኬኩን በወሬ ነው የሚያገኘው። ከበሩ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ፣ የክፍሉን ጨረር የሚያሳይ መለኪያ አለ። አየሁት። ቁጥሩ ዝቅተኛ፣ መብራቱ አረንጓዴ። እጄን ወደ በሩ ስሰድ ክቡርነታቸው ከኋላዬ መጥተው መስታወቱን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ቆዪ፣ ሶልቬይ።»

«ምን ሆንክ? ፓንኬኩ ሊያልቅ ነው!»

«ይሄ ቁጥር ከጠዋት ጀምሮ አልተነቃነቀም። ጨረር እኮ ትንሽም ቢሆን ከፍ ዝቅ ይላል።»

«ታዲያ ደህና ነዋ! አረንጓዴ ነው።»

«መሣሪያው ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ክፉ ሲነግርህ መሣሪያው፣ ደግ ሲነግርህ መሣሪያው! ምን ቢልህ ነው የምታምነው?»

በሩ ላይ ተገትረው አላሳልፍ አሉኝ። በስልክ ሌላ በእጅ የሚያዝ መለኪያ አስመጡ፤ እኔ በንዴትና በረሃብ ስንጨረጨር ከረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አሰሩት። በሩን በጥቂቱ ከፍተው ወደ ውስጥ ሰደዱት።

ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት! የግድግዳው መለኪያ ግን አጠገቡ ሆኖ አረንጓዴውን አብርቶ ዝም ብሏል። ኋላ እንደታወቀው የመለኪያው ውስጥ ጠዋት ሞቶ፣ መስታወቱ የመጨረሻውን ቁጥር እያሳየ ቀርቷል። ከሞተ በኋላ ነው በጨረር የተበከለው ውሃ ወደ ማጣሪያው የተለቀቀው። ደረቴ ላይ ያደረግኩት መለኪያም መጮሁ አይቀርም ነበር፣ ግን እኔ ከገባሁ በኋላ።

ያን ጊዜ «መሣሪያው ነው» እስኪሉ ጠበቅኩ። አላሉም። በሩን ድርግም አድርገው ዘግተው፣ እጅጌዬን ጨምድደው እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ጎተቱኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

ትንፋሼ ሲመለስ፣ «ይሄንን ግን አመንከው» አልኳቸው።

«እኔ ብሆን የምገባው፣ መሣሪያው ነው ብዬ እገባ ነበር» አሉ ወለሉን እያዩ። «የምትገቢው ግን አንቺ ነበርሽ።»

ፓንኬኩ አልቆ ጠበቀን። ሾርባውን ሳልቀምስ በማንኪያ ሳማስለው፣ ክቡርነታቸው ጨው ያነሰኝ መስሏቸው ጨው አቀበሉኝ። እኚህን ሽማግሌ እወዳቸዋለሁ፤ ከዚያ ቀን በፊትም እወዳቸው ነበር መሰለኝ።

ማታ መኪናዋ ጋ ስንደርስ ሞተሩን አላስነሡም። እኔ ገብቼ ልቀመጥ ስል፣ «ትንሽ ቆዪ» ብለው ኮፈኖውን ከፈቱ። የዘይት መለኪያዋን ብረት ሲመዟት ጫፏ ብቻ ረጥባ ወጣች። ከኋላ ዘይት አምጥተው፣ ቀስ ብለው ሞሉ። ከዚያ ገብተው ሞተሩን አስነሡና ናስትሮውን ከዳሽቦርዱ ላይ ላጡት። ቀይዋ መብራት ጠፍታለች።

«አየሽ?» አሉኝ ደረታቸውን ነፍተው። «አልነገርኩሽም? ድሮም መሣሪያው ነበር።»

«ልክ ነህ፣ ኢንግቬ» አልኳቸው።