የእትዬ ብርቄ ቤት ከጭስ ነጻ ነው

ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማለቴ ከልቡ የሚያነብ። እኛ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ባየን ቁጥር ሁነኛ ቦታ ያገኘን የሚመስለን ሰዎች ነን። ግድግዳው የራሱን ይናገራል፣ እኛም የራሳችንን እንሠራለን፣ ቅያሜ የለንም። ችግር የሚመጣው የተጻፈውን እንደተጻፈ የሚቀበል ሰው ድንገት የተገኘ እንደሆነ ነው። በፍኖተ ሰላም ያ ሰው እትዬ ብርቄ ነበሩ።

ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ሰፈራችን ዛሬ የወጣት መንደር ሆኗል። ባለ ቀለም አምፖል፣ ከሳንቃ የተመታ ወንበር፣ በርገር፣ ፒዛ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡሬ ሳይቀር በሚኒባስ እየመጡ ፎቶ ይነሱበታል። እትዬ ብርቄ ግን ይሄ ሁሉ ሳይመጣ ጠላና ጥብስ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ጋናቸው በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ሥጋቸው በከሰል ፍም ላይ ይንጫጫል። ለገበያ የመጣ የፈረስ ቤት ገበሬ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ጸጉሩን ያንጨባረረ ጎረምሳ፣ ሁሉም ሽታውን ተከትሎ ገብቶ አንድ መደብ ላይ ይቀመጥ ነበር። እኔም ከሥራ መልስ ከቅኔ መምህሩ ከየኔታ ጋር ጥግ ይዘን እንጨዋወታለን።

ሲጋራ ትሉኝ እንደሆነ፣ በዚያ ቤት ሲለኮስ አላየሁም። አንዴ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከኪሱ መዘዝ ሲያደርግ እትዬ ብርቄ ቀና ብለው አዩት፤ እሱም መልሶ ከተተው።

እንግዲህ በምግብና በመጠጥ ቤት ማጨስ ተከለከለ ተባለና ተቆጣጣሪዎች በየቤቱ እየዞሩ ወረቀት ለጠፉ። ሕጉ ደግ ሕግ ነው፤ እኔም ሳንባዬን አልጠላውም። የበርገር ቤቶቹ አጫሾች ተሰብስበው ወደ ጓሮ ወጡ፣ ጓሮውም ወዲያው የሰፈሩ ተወዳጅ መቀመጫ ሆነ። እትዬ ብርቄ ግን መነጽራቸውን አጥልቀው በግድግዳቸው ላይ የተለጠፈውን አነበቡት። ዳዊት ደጋሚ ናቸውና ፊደል አይሳሳቱም። «ይህ ቤት ከጭስ ነጻ ነው» ይላል።

በማግስቱ ወይራው አልተለኮሰም። ከሰሉም ወጥቶ ለጎረቤት ተሰጠ፤ በምትኩ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገባ።

«እትዬ፣ ጭስ ያሉት እኮ ሲጋራ ለማለት ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ሲጋራ ማለት ምን አስቸገራቸው? ይኸው አንተ ብለኸው የለ?»

ወደ የኔታ ዞርኩ። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «ወይዘሮ ብርቄ፣ ሰሙ ጭስ ነው፤ ወርቁ ሲጋራ» ብለው ፈቱላቸው።

«የኔታ፣ የእርስዎን ቅኔ እጅ ነስቼ እሰማለሁ። ከመንግሥት ጋር ግን ቅኔ አልገባም፤ ሲቀጡኝ በሰሙ ነው። ደግሞስ ግድግዳዬ ላይ ውሸት ለጥፌ ከሥሩ ጠላ ልቅዳ?»

ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱን መንገድ ላይ አግኝቼ ነገሩን አጫወትኩት። ሳቀ። ጋን ማጠን ማን ከለከላቸው አለ። ሄጄ ነገርኳቸው። «እንግዲያው መጥቶ ያርመው» አሉ። እኔም መልእክቱን አደረስኩ፤ ሊያርም የመጣ ግን የለም።

ያልታጠነ ጋን ጠላ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልፈልግም። ጥብሱም ቅቅል ቅቅል ይል ጀመር፤ መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ እሱም የለም። አገራችን ይሉኝታ ያለበት አገር ነው፣ አንድም ሰው ፊት ለፊት አልተናገረም። «ጥሩ ነው፣ እጅዎ ይባረክ» እንላለን፣ ብርጭቋችንን ሳንጨርስ እንነሳለን። ሰው ፊቱን አንድ ጊዜ ካዞረ ባልቴቷ ያንን ቤት ይዘው መቆየት እንደማይችሉ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እያወቅን መምጣታችንን እያሳሳን ሄድን። እሳቸው ከብርጭቆው የሚተርፈውን ሲደፉ ሁሉንም ያነቡት ነበር። በመጨረሻ ቤቱን አከራይተው ቡሬ ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ ቤቱም እንደ ጎረቤቶቹ በርገር ቤት ሆነ።

በቀደም ለዘመድ ሠርግ ሲመጡ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና እህል ውኃ ካልቀመሱ አልለቅዎትም ብዬ ያንኑ ቤት አስገባኋቸው። ኩም የሚያደርገኝ ነገር እንዳለ አላወቅሁም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያዘው ምን እንደሆነ ጠየቅንና «ስሞክድ በርገር» የሚሉት፣ በእንግሊዝኛ «በጭስ የታጠነ» ማለት ነው፣ መጣ። አስተናጋጁ ክዳኑን ሲያነሳው አንድ የማውቀው ሽታ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። እትዬ ብርቄ አፍንጫቸውን ጠጋ አደረጉ።

«ይሄስ ጭስ አይደለም ልጄ?»

«አይደለም እማማ፣ ፍሌቨር ነው። ከጠርሙስ ነው የምንጨምረው።»

እትዬ ብርቄ ወደ ግድግዳው ቀና አሉ። ወረቀቱ እሳቸው እንደተዉት እዚያው ተለጥፏል። እንደገና አነበቡትና ወደ እኔ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ምነው ያኔ ይሄን ፍሌቨር የሚሉትን ቃል ብትነግሩኝ?» አሉ፤ «ቤቴን አለቅ ነበር?»