በጋሪ የመጣ ወለል

ናፍቆት የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። አንዱ እናቱን ይናፍቃል፣ ሌላው የዋኘበትን ወንዝ፣ ሆዳሙ ደግሞ የልጅነቱን ጭኮ። ይህ ሁሉ ያለ ነው። የእኔ ባለቤት ግን የምትናፍቀው ወለል ነበር። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ዙሪያሽ ያደገችው አሰላ መሀል፣ እህል ነጋዴው አባቷ ባሠሩት ቤት ነው። ሳሎኑ አረንጓዴ አበባ ያለበት ሴራሚክ የተነጠፈበት ነበር፤ ያን ለማየት ሰው ሰበብ ፈልጎ ይመጣ ነበር አሉ። ከዚያ የደርግ አዋጅ መጣና ቤቱ «ትርፍ» ተብሎ ተወረሰ። አባቷ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ሳሎኑ የቀበሌያችን መሰብሰቢያ አዳራሽ ሆነ፤ እኔና እሷ ደግሞ ከዚያው ቀበሌ ወለሏ አፈር የሆነ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን።

ስብሰባ ምን እንደነበር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰዉ ታመምኩ፣ ለቅሶ ደረሰብኝ እያለ ሲሸሽ ዙሪያሽ ማንም ሳይቀድማት ትደርሳለች። አጀንዳው ማዳበሪያም ይሁን ኢምፔሪያሊዝም ግድ የላትም፤ ጥጓን ትይዝና አንድ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ ሴራሚኩ ላይ ታሳርፋለች። ሊቀመንበሩ «ንቃትን ከጓድ ዙሪያሽ ተማሩ» ይላሉ። እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

አንድ እሑድ፣ በቦት ጫማና በአግዳሚ ወንበር የተሰባበረው ወለል ተነሥቶ ሊሾ እንዲሆን ሐሳብ ቀረበ። ዞር ብዬ ባያት ፊቷ አመድ መስሏል። እጅ ሲወጣ የእሷም ወጣ፤ ያኔ እጅ አለማውጣት የሚባል ነገር አልነበረም። ግን ተነሥታ «ስብርባሪው የሚጣል ከሆነ ለእኔ ይሰጠኝ» አለች። ለአርአያ ሴት ምን ይከለከላል? እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኼው ነው።

በፈረስ ጋሪ አስጭና፣ ባለጋሪውን «ሱታ፣ ሱታ»፣ ቀስ በል፣ እያለች በእግሯ ተከትላ አመጣችው። ሲሚንቶ ልፈልግ ስል ከለከለችኝ።

«የቀበሌ ቤት ላይ የተለጠፈ የቀበሌ ነው። እኔ አንዴ ተወስዶብኛል።»

የተነፋ አሸዋ ዘርግታ ደረደረችው፤ ክፍሉን ሁሉ ግን አልሸፈነም። ክፍላችን እንደሆነች ሳሎንም ጓዳም መኝታም ናት፤ ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ሴራሚኩ ወደ በር ይሄዳል፣ ምድጃ ሲለኮስ ወደ ምድጃው፣ ክረምት ሲገባ ጣሪያው ወደሚያፈስበት። ያልተለጠፈ ወለል እንደ ምንጣፍ ይታዘዛል።

ከዚያ ወዲያ ከስብሰባ ቀረች። ሊቀመንበሩ ጨንቋቸው ቤት ድረስ መጡ። ወለሉን ሲያዩ በር ላይ ቆመው ጫማቸውን ጠረጉ።

«ጓድ ዙሪያሽ፣ ምን አስቀየምንሽ?»

«ኧረ ምንም፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለቻቸው።

እሳቸው ሲወጡ «ናፍቆትሽን ተወጣሽ?» አልኳት።

«ወለሉማ መጣ» አለች። «አባባ ጠዋት ጠዋት የጭላሎን ተራራ የሚያዩበት መስኮት ግን እዚያው ቀረ።»

መስኮት በጋሪ አይጫን ነገር።

በሚቀጥለው እሑድ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ሊሾው ላይ፣ መስኮቱ ፊት ተቀመጠች። ሊቀመንበሩ የቤት ለቤት ቅስቀሳ ያፈራውን ፍሬ በጣታቸው እያሳዩ ተሰብሳቢውን አስጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።