አልነሳም ያለው ዲስክ

በአማርኛችን «አይነሳም» የሚባል ነገር ብዙ ነው። በሬ ጭቃ ላይ ይወድቅና አይነሳም። የጧት ብርድ የመታው አይሱዙ አይነሳም። የሟች ክፋት አይነሳም፤ ዘመዶቹ ባሉበት ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። በሽተኛውም መኪናውም ሐሜቱም በአንዲት ግሥ ይስተናገዳሉ። ቁጠባው ባልከፋ፤ ሰሚው «ምኑ ነው ያልተነሳው?» ብሎ ካልጠየቀ ግን ጣጣ አለው። ነገርን ነገር ያነሳዋልና እስቲ እኔ ላይ የደረሰውን ላውጋችሁ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምሠራባት አንዲት ክፍል ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ የሠርግ ጥሪ እጽፋለሁ፤ ሰው ሲጣላ ክስ፣ ሲታረቅ ውል እጽፋለሁ። የምኮራበት ሥራዬ ግን ሌላ ነበር፤ የየኔታ ይትባረክ ቅኔ። የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ደግሞ ትምህርቱን ሳልጨርስ የኮበለልሁ ተማሪያቸው ነኝ። የራሳቸውን ቅኔ አንድም ቀን ወረቀት ላይ አስፍረው አያውቁም። ለምኜ ለምኜ እሺ አሰኘኋቸውና ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ኮምፒውተሬ ላይ ስጽፍ ኖርሁ።

ታዲያ ያመለጠኝ ቃል ኖሮ «ይድገሙልኝ» ስላቸው፣ በተለይ ዘንድሮ፣ ፊታቸው ይከብዳል። «ቅኔ ሲደገም የት አይተሃል? ያልሰማኸው አንተ፣ ባለዕዳው እኔ?» ይሉኛል። እውነትም በቅኔ ቤት የትናንቱን ዛሬ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። እኔም እንግዲህ የቤቱ ሥርዓት ነው ብዬ አፌን እይዛለሁ።

«ሌላ ቅጂስ አላስቀመጥህም?» ትሉኝ ይሆናል። አትበሉኝ። የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ተሸክሞ ነው የሚመጣ። ስለዚህ ያን ኮምፒውተር ከፍላሽ አርቄ፣ ከኢንተርኔት አርቄ፣ እንደ መነኩሴ በዓት አስገብቼው ነበር። የሚሞተው በሰው እጅ ብቻ መስሎኝ።

አንድ ጧት ብከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደርድሮ ጠበቀኝ። ዲስኩን ማንበብ አልቻልሁም ነው የሚል። አጠፋሁት፤ አበራሁት፤ ያው ነው። ከሆዱ ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ያለችኝን የዊንዶውስ ሲዲ ብከትለት ጭራሽ «ዲስኩን ጠርጌ እንደ አዲስ ላዘጋጀው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ሲጨንቀው የጠየቀውን ሁሉ እሺ ይላልና ጣቴ ልትጫነው ትንሽ ነበር የቀራት።

ደግነቱ ቀድሜ ቡሬ ላለው ኮምፒውተር ሠሪ ጓደኛዬ ለጌታነህ ደወልሁ። ኔትወርኩ ይቆራረጣልና ደጅ ወጥቼ እጮኻለሁ፦ «ዲስኩ ነው አልሁህ፤ ዲስኩ። አልነሳ ብሏል።»

«እንዳትጠርገው» አለኝ። «አጥፋና ተወው። ባበራኸው ቁጥር የተረፈውንም ትፈጀዋለህ። ባገኘሁት ሚኒባስ እመጣለሁ።»

አጥፍቼ ተቀመጥሁ። ፈራሁ፤ ለምን እዋሻችኋለሁ? ሁለት ዓመት ያስለፈለፍኋቸውን ሽማግሌ «ጠፍቷል፤ እንደገና ይንገሩኝ» ልላቸው ነው?

ለካስ እኔ ደጅ ቆሜ ስጮኽ ከጎኔ ሽንኩርት የምትሸጠው እትዬ ብርቄ ጆሮዋን ሰጥታኝ ኖሯል። በኛ ሰፈር ዲስክ ማለት የወገብ በሽታ ነው። ዲስክ ያዘው፣ አልነሳ አለ፤ ከዚህ በላይ ምን ይጣራል? ወሬውን ነዛችውና አንድ ሰዓት ሳይሞላ የኔታ ምርኩዛቸውን ይዘው ሱቄ ደጃፍ ከች አሉ። ከኋላቸው ለገበያ የመጡት የማንኩሳው ወጌሻ አያ ሞላ ለማሻ የሚሆን ቅቤ ይዘው ተከትለዋል።

«ተኛ እንጅ፤ በዚህ ወገብህ ቁጭ ትላለህ?» አሉኝ አያ ሞላ።

«የታመመው እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው» ብዬ ኮምፒውተሩን አሳየኋቸው።

የኔታ ኮምፒውተሩን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። «ከነቅኔው?» አሉ።

«ከነቅኔው።»

በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አያ ሞላ ግን የመጡበትን ሥራ አልረሱም። ቅቤውን አስቀምጠው «ወድቋል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አልወደቀም።»

«አልተንገላታም?»

ያኔ ትዝ አለኝ። ትናንት ሱቅ ስቀይር በባጃጅ ጭኜ በኮረኮንቹ እያንገጫገጭሁ ነው ያመጣሁት። ይህንኑ ነገርኋቸው።

«እንግዲያው ሳይዳሰስ ተሰበረ አይባልም። ወለም ያለም እንደ ተሰበረ ነው የሚጮኸው» አሉ አያ ሞላ።

ለጌታነህ ብደውል መንገድ ላይ ነው። የወጌሻውን ቃል ስነግረው «ሰውየው ልክ ናቸው፤ እኔም ይህን ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር» አለ። «ከመብራት ንቀለው፤ የጎኑን ክዳን ክፈትና ዲስኩ ላይ የተሰኩትን ሁለት ገመዶች እያቸው።» ፈታሁት። አንደኛው ገመድ ከመሰኪያው በግማሽ ወጥቶ ተንጋዷል። «ቀስ፤ አቅንተህ፤ አትታገለው» ይላሉ አያ ሞላ ከትከሻዬ በላይ። ገፋሁት፤ ገባ። አበራሁት። ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። ጥቁር ሆኖ ቆየ፤ ቆየ። ከዚያ ተነሳ። ቅኔው ከነሙሉ ገጹ አለ። እንባዬ መጣ፤ አላፈርሁም።

የኔታ እንዲያምኑኝ የመጀመሪያውን ገጽ ከፍቼ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ግሩም ነው» አሉ። «ማን ነው የዘረፈው?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። አያ ሞላ አልሳቁም። የኔታ መልሴን እየጠበቁ ነበር። ዘንድሮ መድገም ለምን እንደከበዳቸው ያኔ ገባኝ።

«አንድ የድሮ መምህሬ ናቸው» አልሁ።

«በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ? ሽማግሌ ይረሳል። ሳይጠፋባቸው ቶሎ ሂድና የቀረውን ጻፍ።»

«እሺ የኔታ» አልሁ።